የመሸኛዋ ወረቀት
ልጇን ብቻዋን የምታሳድግ ወጣት እናትና የመንግሥት ድጋፍ፤ ከብቸና እስከ ሞጣ



ከደጀን ተነሥቶ በብቸና፣ በደብረ ወርቅና በግንደ ወይን በኩል ወደ ሞጣ፣ ከዚያም አልፎ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደውን መንገድ ከእናንተ መካከል የምታውቁት ትኖራላችሁ። በጥቅምት ወር በዚያ መንገድ የሄደ ሰው ግራና ቀኙን ሲመለከት ዐይኑ የሚያርፈው በጤፍ ማሳ ላይ ነው። እንዲህ ያለውን አገር ያየ መንገደኛ፣ «ደግሞ እዚህ አገር ርዳታ የሚያሻው ሰው አለን?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። እኛም ወደ ምሥራቅ ጎጃም ለሥራ በተመደብን ጊዜ ያሰብነው ይህንኑ ነበር። ነገር ግን በጠገበ አገር መካከል የተራበ ሰው ከሁሉ ይልቅ የተሰወረ መሆኑን ያስተማረችን አንዲት ወጣት እናት ናት። ስሟን አንጽፍም፤ ታሪኳን ግን እንጽፋለን፤ ምክንያቱም የመንግሥት ድጋፍ ለእንዲህ ያለች እናት እንዴት እንደሚደርስና እንዴት እንደሚቀርባት ከእርሷ ታሪክ የበለጠ የሚያስረዳ አላገኘንምና።

በ2011 ዓ.ም. በመጋቢት ወር፣ ሞጣ ውስጥ ጠላ ሸጠው የሚተዳደሩ አንዲት ባልቴት አንዲት ልጅ እግር ሴት ይዘው ወደ ቢሯችን መጡ። ልጅቱ የስምንት ወር እርጉዝ ነበረች። ባልቴቷም ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ «እናንተ ልጆቼ፣ ይችን ልጅ እዩልኝ። ማሳደሩን እኔ አሳድራታለሁ፤ ማዋለዱን ግን አልችልበትም» አሉን።

ልጅቱ የብቸና አካባቢ ገበሬ ልጅ ናት። በ14 ዓመቷ ዳሯት፤ ዓመት ሳይሞላት ከባሏ ቤት ወጥታ ወደ አባቷ ተመለሰች። አባቷ «ወደ ባልሽ ተመለሽ» ባሏት ጊዜ ግን ሌሊት ተነሥታ ወደ ሞጣ መጣች። ሰው ቤት ተቀጥራ ሠራች። በኋላም «አገባሻለሁ» ካለ ሰው ጋር ቤት ተከራይተው ከዓመት በላይ አብረው ኖሩ። ማርገዟን በነገረችው ሳምንት ሰውዬው ልብሱን ይዞ ሄደ። ሲጠየቅም «ልጁ የኔ አይደለም» አለ።

«ታዲያ እስከ ዛሬ ጤና ጣቢያ ለምን አልሄድሽም?» ብለን ጠየቅናት። አቀርቅራ፣ «ገንዘብ የለኝም። መታወቂያም የለኝም። ደግሞ ባልሽ ማነው ቢሉኝ ምን እላለሁ?» አለችን። በመንግሥት ጤና ጣቢያ የእርግዝና ክትትልም ሆነ መውለድ በነፃ መሆኑን አታውቅም ነበር። በዚያው ቀን አብረናት ሄድን፤ በሚያዝያ ወርም ሴት ልጅ በሰላም ወለደች።

ስንዴው አለቀ

ከዚህ በኋላ የሠራነውን ስሕተት ሳንደብቅ እንናገራለን። ስንዴ ሰጠናት፤ ዘይት ሰጠናት፤ ብርድ ልብስም ሰጠናት። ሕፃኗን ታቅፋ ፎቶግራፍ አነሣናት፤ በሪፖርታችንም ላይ «አንዲት እናት ከችግር ወጣች» ብለን ጻፍን። በሦስት ወር ውስጥ ስንዴው አለቀ። የበጀት ዓመቱም በሰኔ ተዘጋ።

በነሐሴ ወር ሕፃኗ የሳንባ ምች ይዟት በጠና ታመመች። ሆስፒታል እንድትተኛ ቢታዘዝም ለአልጋና ለመድኃኒት የሚከፈል ገንዘብ አልነበረም። ባልቴቷ የጠላ እህላቸውን ሸጠው ከፈሉ። ሕፃኗ ተረፈች፤ እኛ ግን አፈርን። ምክንያቱም ያን ጊዜ በአካባቢው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በሥራ ላይ ነበረ፤ መክፈል የማይችል ሰውም የዓመት መዋጮው በመንግሥት ሊሸፈንለት ይችል ነበር። ስሟ ከዝርዝሩ ውስጥ ለምን እንዳልገባ ስንጠይቅ የተሰጠን መልስ አጭር ነበር፤ «የቀበሌው ነዋሪ መሆኗን የሚያሳይ መታወቂያ የላትም።» መታወቂያ ለምን እንደሌላት ስንጠይቅ ደግሞ፣ «ከመጣችበት ቀበሌ መሸኛ አላመጣችም» ተባልን።

ስለዚህ ለሦስት ወር ስንዴ ስናድላት የቆየነው ይህችን ልጅ የጎደላት አንዲት ወረቀት መሆኗን ሳንጠይቅ ነበር።

ችግሩ ከየት ይመጣል?

በመጀመሪያ፣ በጎጃም ከተሞች ልጅ ብቻቸውን የሚያሳድጉ ወጣት ሴቶች ለምን እንደሚበዙ መረዳት ይገባናል። በ1997፣ በ2003 እና በ2008 ዓ.ም. የተደረጉት አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች በአማራ ክልል ሴቶች የሚያገቡበት ዕድሜ ከአገሪቱ አማካይ ዝቅ ያለ መሆኑን ተደጋግመው አሳይተዋል። በልጅነት የተመሠረተ ትዳር ብዙ ጊዜ ይፈርሳል። የተፈታችው ልጅ ወደ ወላጆቿ ቤት ብትመለስ ሸክም ትሆናለች፤ ወደ ከተማ ብትሄድ ደግሞ በሰው ቤት ሥራ፣ በጠላ ቤትና በምግብ ቤት ከመቀጠር በቀር የሚጠብቃት ሥራ የለም። ሁለተኛው ችግር ከዚያ ይወለዳል።

ሕጉ ግን ግልጽ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሴት ልጅ የጋብቻ ዕድሜን 15 ዓመት አድርጎ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ይህን ወደ 18 ዓመት ከፍ አደረገው። የአማራ ክልልም በ1995 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 79 የራሱን የቤተሰብ ሕግ አውጥቷል። በ1997 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 648 ሕፃን ልጅ ያገባውን ሰው ይቀጣል፤ ልጅቱ 13 ዓመት የሞላት ከሆነች እስከ 3 ዓመት፣ ከ13 ዓመት በታች ከሆነች እስከ 7 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ማለት ነው።

የመሬትም ጉዳይ አለ። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል በተደረገው የመሬት ሽግሽግ ባል የሌላቸው ሴቶችም በስማቸው መሬት ማግኘት ችለው ነበር። ይህ ታላቅ ነገር ነው። ነገር ግን ሴት በሬ ጠምዳ ማረስ በባሕላችን ያልተለመደ ስለሆነ፣ ብዙዎቹ መሬታቸውን ለእኩል አራሽ ሰጥተው ከምርቱ ግማሹን ብቻ ይወስዳሉ። ከዚያ ሽግሽግ ወዲህ የተወለደችው ትውልድ ደግሞ ከወላጅ ካልወረሰች ወይም ካልተሰጣት በቀር መሬት የላትም። የእኛዋም ልጅ ከእነዚህ አንዷ ናት።

ርዳታው የት የት ነው ያለው?

በአገራችን የመንግሥት ድጋፍ የሚገኘው በአንድ በር ብቻ አይደለም። በሮቹ ብዙ ናቸው፤ እያንዳንዱም የራሱ ሥርዓት አለው። የፕሮጀክት ሠራተኞችና የምእመናን መሪዎች በሚገባ እንድታውቋቸው ከዚህ በታች አንድ በአንድ እናስረዳለን።

ልማታዊ ሴፍቲኔት። ይህ ፕሮግራም በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው በየዓመቱ የምግብ ርዳታ ሲጠብቁ ለኖሩ ወረዳዎች ነው። ጉልበት ያለው ሰው በእርከን ሥራ፣ በመንገድና በመሰል የማኅበረሰብ ሥራዎች ላይ እየሠራ ጥሬ ገንዘብ ወይም እህል ይቀበላል፤ ጉልበት የሌለው ደግሞ ሳይሠራ ቀጥተኛ ድጋፍ ያገኛል። ከ2007 ዓ.ም. በኋላ በነበረው ምዕራፍ እርጉዝ ሴት ከአራተኛው ወር አንሥቶ፣ ልጇም አንድ ዓመት እስኪሞላው ድረስ፣ ከጉልበት ሥራ ወጥታ ጊዜያዊ ቀጥተኛ ድጋፍ እንድታገኝ ተደንግጎ ነበር። ነገር ግን ፕሮግራሙ ሁሉንም ወረዳ አይሸፍንም። ትርፍ አምራች በሚባል ወረዳ ውስጥ ያለች ድሃ እናት፣ ወረዳዋ ስለጠገበ እርሷም እንደጠገበች ተቆጥራ ትቀራለች። ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የከተማ ሴፍቲኔትም በመጀመሪያው ምዕራፍ የያዘው 11 ከተሞችን ነበር፤ ከአማራ ክልል ደሴ ስትገባ ሞጣና ብቸና አልገቡም ነበር። ፕሮግራሞቹ በየምዕራፉ ስለሚለወጡ፣ ስለ ወረዳችሁ ማንኛውንም ነገር በግምት ከመናገራችሁ በፊት ከጽሕፈት ቤቱ ጠይቁ።

ጤና። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ሠልጣኝ ሴቶችን ወደየቀበሌው ልኳል። የእርግዝና ክትትል፣ ወሊድ፣ ክትባትና የቤተሰብ ምጣኔ በመንግሥት ጤና ጣቢያ ክፍያ አይጠየቅባቸውም። ቤታቸው ሩቅ ለሆነ እናቶች በብዙ ጤና ጣቢያዎች የእናቶች ማቆያ ቤት አለ። ምጧ ረዝሞ ፊስቱላ የደረሰባት እናትም ተስፋ አትቁረጥ፤ የሐምሊን ፊስቱላ ሕክምና በአዲስ አበባ ብቻ ሳይሆን ከ1997 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በባሕር ዳርም በነፃ ይሰጣል።

የጤና መድን። ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀመረ፤ ከአማራ ክልል ደቡብ አቸፈር፣ ፎገራና ተሁለደሬ ነበሩበት። ከዚያም ወደ ሌሎች ወረዳዎች ተስፋፋ። አባሉ የዓመት መዋጮ ይከፍላል፤ ሲታመም ይታከማል። መክፈል የማይችሉትን የቀበሌው ነዋሪዎችና አስተዳደሩ ይመርጧቸዋል፤ መዋጮአቸውንም መንግሥት ይሸፍናል። ምዝገባው በዓመት አንድ ጊዜ ስለሆነ ያን ወቅት ያለፈችው እናት ዓመቱን ሙሉ ትጠብቃለች። ሕፃን ልጅ ደግሞ ለመታመም ዓመት አይጠብቅም።

የልደት ምዝገባ። በ2004 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 760 መሠረት ልደት በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። ምዝገባው በሥራ ላይ የዋለው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ነው። አባት ካልቀረበ እናት ብቻዋን ቀርባ ልታስመዘግብ ትችላለች። ብዙ ወጣት እናቶች ይህን ባለማወቅ፣ አባቱ እስኪመጣ እያሉ ልጃቸውን ሳያስመዘግቡ ይቀራሉ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅ በጋብቻ ከተወለደው ጋር እኩል መብት እንዳለው መደንገጉን ለእነዚህ እናቶች ልንነግራቸው ይገባል።

ፍርድ ቤት። አባትነቱን የካደ ሰው በፍርድ አባት ሊባል፣ ቀለብም እንዲቆርጥ ሊታዘዝ ይችላል። የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ ለዚህ የሚያበቁትን ምክንያቶች ይዘረዝራል፤ ጠለፋ ወይም አስገድዶ መድፈር፣ በጋብቻ ተስፋ ወይም በሌላ ማታለል ማሳት፣ አባትነቱን የሚያስረዳ በእጁ የጻፈው ጽሑፍ፣ ያለ ጋብቻ አብረው መኖራቸው፣ ወይም ልጁን እንደ አባት መርዳቱ ናቸው። ለዳኝነት የሚከፍለው የሌለው ሰው ደግሞ በ1958 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ መሠረት ድህነቱን አስረድቶ ሳይከፍል ሊከስ ይችላል። ድህነቱን የሚያስረዳለት ወረቀት ግን የሚጻፈው በቀበሌ ነው።

ብድር። በክልሉ ለብዙ ዓመታት ለድሆች አነስተኛ ብድር ሲሰጥ የኖረው አብቁተ በ2014 ዓ.ም. ጸደይ ባንክ ሆኗል። የዚህ ዓይነቱ ብድር አሠራር በቡድን ነው፤ ንብረት የሌላቸው ሰዎች አንዱ ለሌላው ዋስ እየሆነ ይበደራሉ። ለማያውቋት ሴት ዋስ የሚሆን ግን የለም።

እንግዲህ እነዚህን በሮች ልብ ብላችሁ ተመልከቷቸው። ከነፃ ሕክምናው በቀር ሁሉም ማለት ይቻላል ሁለት ነገር ይጠይቃሉ፤ ወረቀትና ምስክር። ከአባቷ ቤት በሌሊት የወጣች ልጅ ሁለቱንም አታገኝም። ድሃ ሆና ሳለ ድሃ መሆኗን የሚመሰክርላት ሰው የላትም።

መሸኛውን ፍለጋ

በዚያው ዓመት በጳጉሜን ወር ልጅቱ፣ ባልቴቷና እኔ ወደ ብቸና ተጓዝን። ከዚያም በእግር ወደ ቀበሌዋ ሄድን። ጸሐፊው በጨዋ ደንብ ተቀብሎን፣ «ልጅቱ የዚህ ቀበሌ ልጅ መሆኗን አባቷ ወይም ሦስት ሰዎች ይመስክሩላት» አለ። የሚጠይቀው ሕግ ነውና አልተቃወምነውም። አባቷ ግን፣ «እኔ ያቺን ልጅ ቀብሬያታለሁ» አሉ። ጎረቤቶቹም አባትየውን ፈርተው ለመመስከር ሳይወዱ ቀሩ። ባዶ እጃችንን ተመለስን። በመንገድ ላይ ልጅቱ አንድ ቃል አልተናገረችም።

ጉዳዩን የፈታው የእኛ ብልሃት አልነበረም። ባልቴቷ፣ «የአባትየው የንስሐ አባት ማን ናቸው?» ብለው ጠየቁ። እኚህ ካህን ጉዳዩን በሰሙ ጊዜ አባትየው ቤት ሦስት ጊዜ ተመላለሱ። ምን እንዳሏቸው አልሰማንም። የሰማነው በመስቀል ማግሥት አባትየው ጋቢያቸውን ለብሰው ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ወደ ቀበሌ መሄዳቸውን ነው። ልጃቸውን ቀና ብለው አላዩአትም። ፈርመው ሲወጡ ግን በአንቀልባ ታዝላ የነበረችውን ሕፃን አዩአትና፣ «ስሟ ማነው?» ብለው ጠየቁ። ይህን ስንሰማ ወረቀቱን ከማግኘታችን ይልቅ ደስ አለን።

መሸኛዋ በአንድ ገጽ ላይ የተጻፈች ስድስት መስመር ናት፤ ከሥሯ ክብ ማኅተም አለባት። እንዲህ ያለችው ወረቀት የከፈተችውን እንንገራችሁ። በጥቅምት 2012 ዓ.ም. በሞጣ የቀበሌ መታወቂያ አገኘች። የሕፃኗ ልደት 90 ቀኑ አልፎት ስለነበረ ተጨማሪ ማስረጃ ተጠየቅን፤ ጤና ጣቢያው የሰጣትን የወሊድ ማሳወቂያ ባልቴቷ አስቀምጠውት ስለተገኘ ተመዘገበች። ከመኸር በኋላ በተደረገው የጤና መድን ምዝገባ የሰፈሩ ሰዎች መክፈል ከማይችሉት ጋር መረጧት። ቀበሌው የድህነት ማስረጃ ጻፈላት፤ በዚያም ሳትከፍል ከሰሰች። ቤቱን ያከራዩአቸው ሰውና ሁለት ጎረቤቶች አብረው መኖራቸውን መሰከሩ። በ2013 ዓ.ም. ሰውዬው አባት መሆኑ ተፈረደ፤ ቀለብም እንዲቆርጥ ታዘዘ።

ሁሉም ነገር ተቃና ማለታችን አይደለም። ሰውዬው የቀን ሠራተኛ ስለሆነ አንድ ወር ከፍሎ ሁለት ወር ይሰወራል። ለአፈጻጸም መመላለስ የአንድ ቀን እንጀራ ያሳጣል። ስለዚህ መተዳደሪያዋ ቀለቡ አይደለም፤ ከአራት ሴቶች ጋር በቡድን ተበድራ የጀመረችው የእንጀራ ሥራ ነው። ጤፍ ሲወደድ ትርፉ ይቀንሳል፤ ብድሩን ግን ሳታጓድል ከፍላለች። ማታ ማታም ካቆመችበት ከስድስተኛ ክፍል ትምህርቷን ቀጥላለች።

አስቀድሞ መከላከልስ?

ችግሩን ከሥሩ ለመያዝ የተሞከረም ነገር አለ። በ1996 እና በ1998 ዓ.ም. መካከል «ብርሃነ ሔዋን» የሚባል ፕሮግራም በአማራ ክልል በአንድ የገጠር ቀበሌ ተሞክሮ ነበር። ልጃገረዶች በቡድን ይሰበሰባሉ፤ የትምህርት ቁሳቁስ ይሰጣቸዋል፤ የአገሬው ሰውም ስለ ጋብቻ ዕድሜ ይወያያል። ልጃቸውን በፕሮግራሙ ጊዜ ሳይድሩ ትምህርት ቤት ያቆዩ ወላጆች በመጨረሻ የቤት እንስሳ ይሰጣቸዋል። በጥናቱ እንደታየው ከ10 እስከ 14 ዓመት ያሉት ልጃገረዶች በትምህርት ቤት መቆየታቸው ከሌላው ቀበሌ በእጅጉ ጨመረ፤ መዳራቸውም በእጅጉ ቀነሰ። ከ15 እስከ 19 ዓመት ባሉት ላይ ግን እንዲህ ያለ ውጤት አልተገኘም። ከዚህ የምንማረው፣ ትንሽ ድጋፍ በጊዜው ከደረሰ ብዙ እንደሚሠራ፣ ከዘገየ ግን ሌላ ዓይነት ድጋፍ እንደሚያስፈልግ ነው።

ሌሎች አገሮችም በዚህ መንገድ ሄደዋል። ደቡብ አፍሪካ ከ1990 ዓ.ም. ጀምሮ ልጅ ለሚያሳድግ ድሃ ሰው በየወሩ የልጅ ማሳደጊያ ገንዘብ ትሰጣለች፤ እናቲቱ ባል ይኑራት አይኑራት አትጠየቅም። ብራዚል በ1996 ዓ.ም. በጀመረችው ፕሮግራም ገንዘቡ በአብዛኛው የሚሰጠው በእናቲቱ እጅ ሲሆን፣ ልጆቹም ትምህርት ቤት እንዲሄዱና እንዲከተቡ ይጠየቃል። በእነዚህም አገሮች ቢሆን ከሁሉ የከፋችው ድሃ ልጇን ያላስመዘገበችውና ወረቀት የሌላት እናት ናት።

ምን እናድርግ?

ከዚህ በኋላ የፕሮጀክታችንን አሠራር ለውጠናል። ለምእመናንና ለሥራ ባልደረቦቻችን የምናሳስበውም ይህንኑ ነው።

አንደኛ፣ ስንዴ ከመስጠታችሁ በፊት ወረቀት ጠይቁ። መታወቂያ አላትን? ልጁ ተመዝግቧልን? የጤና መድኑ ምዝገባ መቼ ነው? የተራበ ሰው ይብላ፤ ነገር ግን በስንዴው ጆንያ ላይ የሚያልቅ ርዳታ እንዳይሆን።

ሁለተኛ፣ ምስክር ሁኑ። ለፍርድ ቤት፣ ለቀበሌና ለብድር ቡድን የሚያስፈልገው ሰው እንጂ ገንዘብ አይደለም። ያያችሁትን ብቻ መስክሩ፤ ያላያችሁትን ለማዘን ብላችሁ አትመስክሩ፤ የሐሰት ምስክርነት በኋላ የሚጎዳው እርሷኑ ነውና።

ሦስተኛ፣ ሕፃኑን ያዙላት። በየቢሮው ደጃፍ ሕፃን አዝላ ተራ የምትጠብቅ እናት ጉዳይዋ ሳይፈጸም የምትመለሰው ብዙ ጊዜ ልጁ ስለሚያለቅስ ነው። የሁለት ሰዓት ሞግዚትነት ብር የማይጠይቅ ርዳታ ነው።

አራተኛ፣ የአካባቢውን ሰው አትለፉ። ያን በር የከፈቱት አንዲት ጠላ ሻጭ ባልቴትና አንድ የንስሐ አባት ናቸው። እድሩ፣ ማኅበሩና ሽማግሌው ከእኛ በፊት ነበሩ፤ ከእኛም በኋላ ይኖራሉ።

አምስተኛ፣ «እንዴት ወለደችው?» የሚለውን ጥያቄ ተዉት። ይህች ልጅ ጤና ጣቢያ እንዳትሄድ ካደረጓት ነገሮች አንዱ ይህን ጥያቄ መፍራቷ ነበር። ሩት ትቃርም ዘንድ የእርሻው ዳር የቀረላት በባለ እርሻው ቸርነት ብቻ አልነበረም፤ ለድሃና ለመጻተኛ እንዲተውላቸው ሕግ አስቀድሞ አዝዞ ነበር። የመንግሥት ድጋፍም እንዲሁ ለድሃዋ እናት የተተወ ቃርሚያ ነው። የእኛ ሥራ ማሳው ወዴት እንደሆነ ማሳየትና እስከዚያው አብሮ መሄድ ነው።

ያለንበት ጊዜ

በክልሉ በተነሣው ግጭት ምክንያት ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ ይህ ሁሉ ሥራ እጅግ ከብዷል። መንገድ ሲዘጋ መሸኛ ለማምጣት መጓዝ አይቻልም፤ ቢሮ ሲዘጋ ምዝገባ ይቀራል፤ ትምህርት ቤቶችም በብዙ ስፍራ ተዘግተው ቆይተዋል። ከሁሉ ቀድሞ የሚጎዳው ያልተመዘገበው ነው፤ ርዳታ በሚታደልበት ቀን ስሙ አይጠራምና።

በሞጣ ያለችው እናት በ2016 ዓ.ም. የተኩስ ድምፅ በተሰማበት አንድ ማለዳ ከልጇና ከባልቴቷ ጋር ወደ ገጠር ወጥታ ነበር። ከቀናት በኋላ ተመልሳ ባገኘናት ጊዜ ምን ይዛ እንደወጣች ጠየቅናት። ከጣሪያው ማገር ላይ በፌስታል ጠቅልላ ሰቅላው የነበረውን አወረደችና አሳየችን። በውስጡ የቀበሌ መታወቂያዋ፣ የልጇ የልደት ምስክር ወረቀት፣ የጤና መድን ደብተርና የፍርድ ግልባጭ ነበሩ። «ምጣዱን ትቼው ወጣሁ። ምጣድ ሌላ ይገዛል» አለችን።

ትምህርት ቤቱ በተከፈተ ጊዜም ያን ፌስታል ይዛ ልጇን ለማስመዝገብ ሄደች። መዝጋቢው የልደት ምስክር ወረቀት ጠየቃት፤ እርሷም አውጥታ ሰጠችው። በዚያን ቀን ማንም አብሯት አልሄደም፤ አላስፈለጋትምም።